ድንቢጥ የተሳለችበት ብልቃጥ

መስከረም 20

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከሱቅዎ ደጃፍ ተነስቶ እስከ ሹፌሩ አልጋ ድረስ ላላችሁት ሁሉ ይድረስልኝ። ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ ሦስቱ የደም ብልቃጦች ትናንት ደረሱኝ። በረዶው ገና ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም ነበር። የሹፌሩን ሐኪም እጅህ ይባረክ ብላለች ይበሉልኝ። ስም አይጻፍባቸው ብዬ ስለነበር ቁጥር ነበር የጠበቅኩት። እናንተ ግን በአንዱ ላይ የመኪና መሪ፣ በአንዱ ላይ መቀስ፣ በሦስተኛው ላይ መዶሻ ስላችኋል። አለቃዬ ብልቃጦቹን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ምልክት ነው?» አለችኝ። «ሹፌር የነበረው አጎቴ፣ ፀጉር ሠሪዋ ልጁ ሚጣ፣ ጫማ ሰፊው አጎቴ» አልኳት። መዶሻውን ማን እንደሳለው አውቄያለሁ፤ እጀታው ጠማማ ነው።

ደሙ ምን እንደሚደረግ ሳትደብቂ ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር፤ እነሆ። እኛ ቤት ስም ያልወጣለት፣ ሁላችንም «ያ ነገር» የምንለው በሽታ ከደም ውስጥ ካለ አንድ ፕሮቲን ነው የሚመጣው። ጉበታችን ነው የሚሠራው። ፕሮቲን ማለት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ይህኛው መቶ ሃያ ሰባት ቀለበት አለው። ያ ነገር ባለበት ሰው ከመቶ ሃያ ሰባቱ ሠላሳኛዋ ብቻ ተለውጣ በቦታዋ ሜቲዮኒን የሚባል ሌላ ቀለበት ገብቷል። አያቴን አልጋ ላይ ያስቀረው፣ አሁን ደግሞ ሹፌሩን ከመሪው ያስነሳው፣ ከእግር ጣት ጀምሮ እያደነዘዘ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ከዚያች ከአንዷ ቀለበት ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ከልጆች ግማሹን ይይዛል፣ ግማሹን ይተዋል።

እዚህ ሳያኖጅን ብሮማይድ የሚባል ነገር አለን። ነጭ ነው፣ ሲያዩት ሻካራ ጨው ይመስላል። ክፉ መርዝ ስለሆነ ክዳኑ የሚከፈተው አየር ወደ ውጭ በሚስብ ባለ መስታወት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ የተረፈውንና የነካውን ዕቃ ሁሉ በረኪና ውስጥ ሳንነክር አንጥልም። መርዙ ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ሜቲዮኒን ካለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌላውን ቀለበት ዞር ብሎ አያየውም። ጤነኛ ሰንሰለት ውስጥ ሜቲዮኒን ያለው አንድ ቦታ፣ መጀመሪያው አካባቢ ነው። ስለዚህ በአሲድ ውስጥ ከመርዙ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ጨለማ ውስጥ አቆይተን ቁርጥራጩን ጄል በሚባል ዝልግልግ ገበታ ላይ በኤሌክትሪክ ስንነዳው አንድ ወፍራም መስመር እናያለን። ያ ነገር ያለበት ሰው ደም ግን ሠላሳኛዋም ላይ ስለሚቆረጥ ከወፍራሙ መስመር ሥር ሌላ መስመር ይወጣል። አንድ መስመር ጤና፣ ሁለት መስመር ያ ነገር።

የሚገርመው ደግሞ ፕሮቲኑን ከደሙ ለይተን የምናወጣውም በዚሁ መርዝ ነው። ትንንሽ ዶቃዎች አሉን። መርዙ ዶቃዎቹን ያነቃቃቸውና የምንፈልገውን ፕሮቲን የሚይዝ መያዣ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ ደሙ በመሃላቸው ሲያልፍ ሌላው ሁሉ ፈስሶ የኛ ፕሮቲን ብቻ ተይዞ ይቀራል።

የሹፌሩ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነው። እርስዎም ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በደህና እግር ስለሄዱ ስለ እርስዎ አላስብም። ሁላችንም የምንጠብቀው የሚጣን ነው። ከእናንተ ጎን ግን አንድ ንጹሕ ደም መኖር አለበት፤ ማመሳከሪያ እንለዋለን። እኛ ቤተ ሙከራ ልማዱ ሠሪው የራሱን ደም ማስቀመጥ ነው። እኔም የራሴን ቀድቼ ብልቃጡ ላይ ድንቢጥ ሳልኩበት፤ እናንተ ስላችሁ እኔ ምን ያንሰኛል። ደግሞስ ከኔ የተሻለ ንጹሕ ከየት ይመጣል? እማዬን የወሰዳት መኪና ነው እንጂ ያ ነገር አይደለም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ትሮጥ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረውኛል።

ለሚጣ ስትጨነቅ ፀጉር እንዳታበላሽ ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ ድንቢጥ


ጥቅምት 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

ያለሽበት ቤት ሙቀት አይጉደለው፣ እጅሽ ከክፉ ነገር ይጠበቅ። እኛ ስላንቺ ከማሰብ በቀር ደህና ነን። ሹፌሩም በአቅሙ ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴ ለራሴ፣ አንዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሹፌሩ። እሱ ሰንሰለቱ ጋ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ግን ገብቶኛል። አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ እየመረጠ የሚፈታ መቀስ አግኝታችኋል። ያው መቀስ ደግሞ ማስቲሽ ሆኖ ያጣብቃል። እኔ አርባ ዓመት ስሠራ ማስቲሼ ማስቲሽ፣ መቀሴም መቀስ ሆኖ ነው የኖረው። ሁለቱንም የሚሠራ ነገር ቢያጋጥመኝ እንዳንቺው በሳጥን ቆልፌ ነበር የምይዘው። በረኪናውን አትርሺ።

መልሴ የዘገየው በስንፍና አይደለም። ጀምሬው ሦስት ሳምንት ከመዶሻው ሥር ተቀምጦ ነበር። ስልክ እንዳትደውዪ ደግሞ፤ በመዶሻ የደነቆረ ጆሮ ለስልክ አይሆንም፣ ባለፈው ጊዜ ያልሽውን ሁሉ «እሺ» ብዬ ምን እንደፈቀድኩልሽ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው ማክሰኞ ሚስቱ ለሹፌሩ የእግር መታጠቢያ ውሃ አቅርባለት የሚቀላቀል ቀዝቃዛ ልታመጣ ወጣች። እሱ የተቀላቀለ መስሎት እግሩን ነከረና ጋዜጣውን ማንበብ ቀጠለ። ሚጣ ከሥራ ስትመለስ እንፋሎቱን አይታ ጮኸች። ቆዳው ተልጧል። «ምን ያስጮህሻል? የማነብበትን አጠፋሽብኝ» አላት። እሷ እግሩን በፎጣ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ እኔ ስደርስ ያው እንደተቀመጠች ነበረች።

አናጢው ሚጣን ለሦስተኛ ጊዜ አግቢኝ ብሏታል። «የብልቃጤ መልስ ሳይመጣ አላገባም። እኔ አባቴን እንደማጥበው ልጄ እኔን እንድታጥበኝ አልፈልግም» አለችው። እሱም ለትዳራቸው የሠራውን ቁም ሣጥን አምጥቶ ከሱቄ ኋላ አቆመው። እስኪወስደው ቆዳ አስቀምጥበታለሁ። የሰውዬው ትዕግሥት ከእንጨቱ ይጠነክራል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማመሳከሪያ ላልሽው የሌላ ሰው ደም አድርጊ። ስንት ባልደረባ አለሽ። አንቺ ድሮም ቀጫጫ ነሽ፣ ያለችሽን ደም ለብልቃጥ አታባክኚ። ለሌላ አይደለም።

አጎትሽ


ኅዳር 2
(ይህ ደብዳቤ ያኔ አልተላከም)

ጋሼ፤

ዛሬ ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

ሚጣ አንድ መስመር። እርስዎ አንድ መስመር። ሹፌሩ ሁለት። ድንቢጥ ሁለት።

መጀመሪያ ያደረግኩት መሳቅ ነው። ረድፍ አሳስቼ የሹፌሩን ሁለት ቦታ የጨመርኩ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ስህተት ጀማሪ ይሠራል፤ እኔም በድካም ሠርቼ ይሆናል ብዬ ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። አዲስ ደም ከሌላ ክንዴ አስቀዳሁ፣ በክንድ የሚለያይ ይመስል። ዶቃውን አዲስ አዘጋጀሁ። መርዙን አዲስ መዘንኩ። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ አቆየሁት። ጄሉን ሳነሳው ከወፍራሙ መስመር ሥር ያቺ ሁለተኛዋ ቁጭ ብላለች፤ ከሹፌሩ ጋር በማስመሪያ የተሰመረች ያህል እኩል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስዘጋጅ አለቃዬ ከትከሻዬ በላይ አየችና «ማመሳከሪያሽ ተበላሽቷል። ጣዪውና የኔን ደም ውሰጂ» አለችኝ። ድንቢጧን ጣልኳት፣ የሷን ወሰድኩ። የሷ አንድ መስመር ነው። ብልቃጡ ውስጥ የነበረው የማን ደም እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም። እኔም አልነገርኳትም። እጄን ታጥቤ ወረፋ ይዤ ምሳዬን በላሁ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። «የሌላ ሰው ደም አድርጊ» ይላል። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ እንደገና ዘረጋሁት። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ፤ መልሱን ግን አልፈልግም። ደም ስለማባከን እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እማዬ ስትሞት ሠላሳ ሦስት ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ የአንድ እግሬ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልነቃ ይሉኛል። ብርዱ ነው ብዬ ሁለት ካልሲ ደርቤ አደርጋለሁ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ለእናንተ ነው፣ ለአያቴ፣ ለሹፌሩ፣ ለሚጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሰው ሕመም እያጠናሁ ነበር የመሰለኝ።

ፈራሁ ጋሼ። እንደ ሕፃንነቴ ከቆዳው ክምር ኋላ ገብቼ «የት ሄደች ድንቢጥ?» እያሉ ሳያገኙኝ እንዲያልፉ አማረኝ። አባትዎን አስታመው ቀብረዋል፣ እህትዎን ቀብረዋል፣ የወንድምዎን እግር በየቀኑ ያያሉ። ሌላ ሰው አልጨምርብዎትም። ሚጣም ደስታዋን ሙሉውን ትውሰደው፤ በኔ ለቅሶ አላጎድለውም።

ይህን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ነገ ሌላ እጽፋለሁ።


ኅዳር 3

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለቤተሰቡ ሁሉ ጤናና ሰላም እመኛለሁ።

ውጤቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አረጋግጫለሁ። መቀስ አንድ መስመር፤ ሚጣ ነፃ ናት። ልጆቿም ነፃ ናቸው፣ የልጅ ልጆቿም። መዶሻ አንድ መስመር። መሪው እንደምናውቀው ሁለት ነው፤ ለሹፌሩ ከምናውቀው የከፋ ነገር የለም ይበሉት። የሐኪሙን ወረቀት ለብቻ አሽጌ ልኬያለሁ።

አናጢው ቁም ሣጥኑን ሊወስድ ይችላል። ቆዳዎን ያውጡለት።

የሹፌሩን የመታጠቢያ ውሃ ሁልጊዜ ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት። እሱ በእግሩ እንዳይለካ።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለብርሃኔ፣ ለድንቢጤ፤

አፍሽ ማር ይብላ፣ የጻፈችው እጅሽ አይድከም። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ከታየ ስንት ዘመኑ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ የሄድኩት ሽርጤን ሳልፈታ ነው። ሚጣ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር ግማሹን ተኩሳ ግማሹ ቀርቷት ነበር። አንብባ ስትጨርስ ማበጠሪያውን እንደያዘች ወጥታ ሮጠች፤ አናጢው ዘንድ። ሴትዮዋ በግማሽ ፀጉሯ ተቀምጣ ቀረች። እኔ ምን ላድርግ፣ ሻይ አዝዤላት ስለ ጫማዋ አወራኋት።

ሹፌሩ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው። ከዚያ ፊቱ ላይ አድርጎት አለቀሰ። ያ ነገር ከያዘው ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ከፊቱ አንስቶ «በቃ። በኔ አለቀ» አለኝ። «የአባታችን ዕዳ በኔ አለቀ። ከኔ በኋላ እኛ ቤት እግሩን የሚያመው የለም።» እኔም አዎ አልኩት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሦስት ብልቃጥ ልኬ የሦስት ብልቃጥ መልስ ላክሽ፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ድንቢጥ የተሳለችበትስ? ስለ እሷ አንድ ቃል የለም። ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። እዚያ ከሄድሽ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ደብዳቤሽን ሁሉ በብስኩት ጣሳ ነው የማስቀምጠው። አውጥቼ አየኋቸው። አንዱም ላይ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ሳትዪ ቀርተሽ አታውቂም። የመጨረሻው ላይ ብቻ የለም። ቸኩለሽ ይሆናል። እኔ ሥራ ፈት ሽማግሌ ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን እቆጥራለሁ።

ሠርጉ ሚያዝያ ላይ ነው። ለቤቱ ሴቶች ሁሉ ጫማ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሚጣ ከአሁኑ ስለ ተረከዙ ቁመት ትጨቀጭቀኛለች። ያንቺን ለመሥራት ግን ፎርማሽን፣ ያን በእግርሽ ልክ የቀረጽኩትን እንጨት፣ ነቀዝ በልቶብኛል። ስለዚህ ልኩን የማይበት አንድ ጥንድ ጫማሽን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። አዲስ እንዳትልኪ፤ አዲስ ጫማ ምንም አይናገርም። ብዙ የሄድሽበትን ላኪ።

የሚወድሽ አጎትሽ


የካቲት 4

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ሳልጽፈው የቀረሁት እንዳሉት በችኮላ ነው። የቆጠሩት ግን አሳቀኝ።

ስለ ድንቢጧ ጠይቀውኛል። ማመሳከሪያ ለማወዳደር ብቻ ስለሆነ ውጤት አይጻፍለትም። ደግሞም ምክርዎን ሰምቼ በመጨረሻው ሥራ ላይ የአለቃዬን ደም ነው የተጠቀምኩት። ስለዚህ አያስቡ።

መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አሁን የምንሠራው በዚያው መርዝ ነው፣ ግን በሽታ ፍለጋ አይደለም። ባክቴሪያ ውስጥ አንድ ለመድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር አያይዘን እናሳድግና መጋጠሚያው ላይ ሜቲዮኒን እናስገባለን። ከዚያ መርዙ እዚያው ላይ ይቆርጠውና የምንፈልገው ለብቻው ይወጣል። አንድ ነገር ስቆርጥ ሰው የሚጠቅም ነገር ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

ጫማዎቹን ይህን ደብዳቤ በያዘችው ሴት ልኬያለሁ። የዘወትር ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሄጄባቸዋለሁ። ለሠርጉ መምጣት ግን አልችልም፣ ፈቃድ አላገኘሁም። ሚጣ እንዳትቀየመኝ።

አክባሪዎ ድንቢጥ


ግንቦት 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ካጠገብሽ አይለይ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳትቆሚ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሠርጉ አምሮ አልፏል። ሹፌሩ ሁለት ሰው ደግፎት ልጁን እጇን ይዞ ወጣ። ፎቶው ፖስታው ውስጥ አለ።

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ሠርጉ እስኪያልፍ ነው፣ ደግሞም ለመጻፍ ስለፈራሁ ነው። የላክሽው ጫማ ያንቺ አይደለም። ቁጥሩ ያንቺ ነው፤ ጫማው ግን የሌላ ሴት ነው። አንቺ መራመድ ከጀመርሽ ጀምሮ ተረከዝሽን የምትጨርሽው በውጪ በኩል ነው፤ ይህች ሴት በውስጥ በኩል ትጨርሳለች። ያንቺ ግራ እግር ከቀኙ በጣት ያህል ይበልጣል፤ የዚህች ሁለቱም እኩል ናቸው። ደህና ሴት ናት፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጫማዋን መልሺላት፤ ሶሉን አድሼዋለሁ። ለጫማ ሰፊ የሰው ጫማ ልኮ ማታለል አንቺ ብቻ የምታስቢው ነገር ነው።

ጫማውን ገልብጬ እንዳየሁት ሁሉንም አወቅኩ። የራስሽን ገልብጠሽ አይተሽዋል። ያየሽውን እንዳላይብሽ ነው የሰው የላክሽው።

እኔም አታልዬሻለሁ። ፎርማሽን ነቀዝ አልበላውም፤ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነው። የፈለግኩት የምትሄጂበትን ጫማ ጫፍ ማየት ነበር።

ከዚህ የባሰም ዋሽቼሻለሁ። እናትሽ ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት ጫማዋን አመጣችልኝ። ጥንዱን ገዝታ ወር አልሞላውም፤ የአንደኛው ጫፍ ግን ተፍቆ አልቋል። የአባቴን ጫማ የማድሰው እኔ ነበርኩ፣ የመጀመሪያው ምልክት እዚያ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ጣት ሲደነዝዝ ጫፉ መሬት መፋቅ ይጀምራል፤ ሰውየው ራሱ ሳያውቅ ጫማው ያውቃል። ቀና ብዬ ሳያት እያየችኝ ነበር። «ዝም በል። ልጄ እንዳትሰማ» አለችኝ። እግሯን የሚደግፍ ጫማ ልሠራላት ጀመርኩ። አንዱን ጨረስኩ፤ ሁለተኛውን ሶል ሳላደርግለት ያ ቀን መጣ። መንገድ ስታቋርጥ የጫማዋ ጫፍ የአስፋልቱን ጠርዝ መታ። ጋዜጣ ሻጩ ቆሞ አይቷል፤ «እግሯ ነው የያዛት፣ መኪናውማ ከወደቀች በኋላ ነው የደረሰው» አለኝ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ጫማዋን ከመንገዱ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። «እማዬ ለምን አልሮጠችም?» ስትዪኝ «ትሮጥ ነበር፣ መኪናው ቀደማት» አልኩሽ። ለአንድ ቀን ብዬ ነው የዋሸሁት። ከዚያ አደግሽ፣ ተማርሽ፣ በዚያው ውሸት ላይ ቆመሽ ደምሽን ንጹሕ ብለሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርሽው። ያን ደብዳቤሽን ሳነብ መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሦስት ሳምንት እውነቱን ልጽፍ እጀምራለሁ፣ እቀድደዋለሁ። በመጨረሻ ስለ ደም ማባከን ጻፍኩልሽ። ብቻሽን ከዚያ መስመር ፊት እንድትቆሚ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ይቅር ማለት ከከበደሽም እቀበላለሁ።

ለሹፌሩ አልነገርኩትም። «በኔ አለቀ» እንዳለ ይኑር። አንቺ ግን ለኔ ንገሪኝ። እህቴን ያኔ ዝም በል ስላለችኝ ዝም አልኳት፤ ብቻዋን ነበረች። ያንን ሁለተኛ አላደርገውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥንድ ጫማ አለ። የሠርግ ጫማ አይደለም። በፎርማሽ ላይ ነው የሠራሁት። ውስጡ ስፌት የለውም፣ ጣትሽን የሚበላ ነገር እንዳይኖር። ገበሩ የጠቦት ቆዳ ነው። ቁርጭምጭሚቱን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የሶሉ ጫፍ ወደ ላይ ስለሚመለስ መሬት አይዝም። ጠዋት ጠዋት ከማድረግሽ በፊት ውስጡን በእጅሽ ዳብሺው። ጠጠር ቢገባ እግርሽ አይነግርሽ ይሆናል፤ እጅሽ ይነግርሻል። ውሃም በክርንሽ ለኪ፣ አንቺው እንዳስተማርሽን።

የትኛው እግርሽ እንደሆነ ስላላወቅኩ የሁለቱንም ጫፍ አጠንክሬዋለሁ። የእናትሽ ቀኙ ነበር።

አጎትሽ


ሰኔ 1

ይድረስ ለጋሼ፤

ጫማው ደረሰኝ። ልኬ ነው። አድርጌው ቤተ ሙከራ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ደረጃው ላይ አልያዘኝም። ጠዋት ከማድረጌ በፊት ውስጡን እዳብሳለሁ። የዚያኛው ጫማ ባለቤት፣ ባልደረባዬ፣ ስለ ሶሉ እጅዎን ይባርክ ብላለች።

ኅዳር 2 ጽፌልዎት መሳቢያ ውስጥ ያስቀረሁት ደብዳቤ አለ፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ከሌሎቹ ጋር ጣሳው ውስጥ ያስገቡት። እማዬን ስላነሷት፣ ጫማዋንም ስላነሱላት ይቅር ብዬዎታለሁ። ለአንድ ሳምንት ግን ተቀይሜዎት ነበር፤ ከእንግዲህ መዋሸቱ ይብቃን ብዬ ነው የምነግርዎት።

ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ዛሬ አልችልም። ናፍቆቱ ግን ያው ነው።

ቀኙ ነው።

ድንቢጥ